በታጣፊ ምላጭ ፂም መላጨት ለመልመድ ለምትፈልጉ፣ ከፊታችሁ በፊት ስለቱ ከሚመላለስበት የቆዳ ጠፍር ጀምሩ

እኔ ወደዚህ ነገር የገባሁት በአንገቴ ምክንያት ነው። የኛ ሰው ፀጉር ጥቅልል ስለሆነ ከተላጨ በሁለተኛው በሶስተኛው ቀን ጫፉ ይዞርና ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ ከዛ ያ የምታውቁት እብጠት አንገት ላይ ይደረደራል፣ ሲነኩት ያማል፣ ሲተዉት ያሳክካል፣ ሲድን ደግሞ ጥቁር ምልክት ትቶ ነው የሚሄደው። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ባለ 5 ስለቱን የፕላስቲክ መላጫ መጠቀም ጀመርኩና ጭራሽ ባሰብኝ። ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው፣ ባለ ብዙ ስለት መላጫ ላይ የመጀመሪያው ስለት ፀጉሩን ሳብ ያደርገዋል፣ ተከታዩ ይቆርጠዋል፣ የተሳበው ፀጉር ሲለቀቅ ከቆዳ በታች ይገባል ማለት ነው፣ ቀጥ ያለ ፀጉር ከሆነ ሲያድግ በመጣበት ይወጣል፣ የኛ ግን እዛው ተጠምዝዞ ይቀራል። አንድ ስለት ብቻ ያለው ምላጭ ከቆዳው ጋር እኩል አድርጎ ቆርጦ ነው የሚያልፈው። ታጣፊ ምላጭ ከያዝኩ ይኸው 4 ዓመት ሆነኝ፣ አንገቴ እንደ ድሮው አይደለም፣ ሰው በጠየቀኝ ቁጥር ቆራርጬ ከምመልስ አንዴ ሁሉንም ልፃፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ስለ ምን እያወራሁ እንደሆነ እንግባባ። ታጣፊ ምላጭ ስል እንደ ሰንጢ ታጥፎ እጀታው ውስጥ የሚገባ፣ ስለቱ የማይቀየር፣ እየተሳለ እድሜ ልክ የሚያገለግለውን ማለቴ ነው። አዲስ አበባ ፀጉር ቤት የምታዩት ቅርፁ ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ነው፣ እሱ ላይ ባለ ሁለት ስለቷ ምላጭ ከነወረቀቷ ለሁለት ትሰበርና ግማሿ ትገባለች፣ ደንበኛው ሲነሳ ትጣላለች። ለፀጉር ቤት ትክክለኛው እሱ ነው። ስለታም ነገር በጋራ አትጠቀሙ እየተባልን ነው ያደግነው አይደል፣ ኤች አይ ቪም የጉበት ቫይረስም በደም ነው የሚተላለፈው፣ ታጣፊው ምላጭ ደግሞ በአልኮል ስለተጠረገ ብቻ ፀድቷል ማለት አይቻልም፣ መጋጠሚያው ውስጥ ምን እንደገባ አታውቁም። ስለዚህ ይሄን ከአሁኑ ያዙልኝ፣ ይሄ ምላጭ የአንድ ሰው ነው፣ ለወንድምም ለጓደኛም አይዋስም።

አንዳንዱ የፈረንጅ ነገር አድርጎ ያየዋል። ግን ምላጭ የሚለው ቃል ላጨ ከሚለው የመጣ የራሳችን ቃል ነው፣ ሶምሶን ራሱ ላይ ምላጭ አይድረስበት የተባለው ያኔ ይቺ በወረቀት የተጠቀለለችው ስስ ምላጭ የት ነበረችና። አሁን በእጃችን የሚገባው ታጣፊ ግን እውነት ነው ስሙ የተሰራው አውሮፓ ነው፣ የእንግሊዟ ሼፊልድ፣ የጀርመኗ ዞሊንገን፣ የፈረንሳዩዋ ቲዬር። ሼፊልድ ውስጥ ቤንጃሚን ሀንትስማን የሚባል ሰዓት ሰሪ በ1740ዎቹ (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ብረትን በማቅለጫ ሸክላ ውስጥ አቅልጦ ንፁህና ወጥ የሆነ ስቲል ማውጣት ቻለ፣ ስስ ሆኖ የማይሰበር ምላጭ መስራት የቀለለው ከዛ ወዲህ ነው። ዞሊንገን ደግሞ ስሟ እስኪሰረቅ ድረስ ታወቀች፣ በ1938 ጀርመን ውስጥ በህግ ተከለከለ፣ እዛ ያልተሰራ ስለት ላይ ዞሊንገን ብሎ መፃፍ አይቻልም። ታጣፊውን ያጠፋው ጂሌት ነው፣ ኪንግ ካምፕ ጂሌት ድርጅቱን በ1901 አቋቋመ፣ በ1904 ፓተንቱን አገኘ፣ ከዛ አንደኛው የአለም ጦርነት ላይ የአሜሪካ ጦር ለወታደሩ የሚጣል ስለት ያለውን መላጫ አደለ፣ ወንዱ ሁሉ እሱን ለምዶ ቤቱ ተመለሰ።

ወደ መግዛቱ ልምጣ። የምላጭ ወርድ በኢንች ስምንተኛ ነው የሚለካው፣ ለጀማሪ 5/8 የሚባለው ጥሩ ነው፣ ከአፍንጫ ስር ለመግባት አይሰፋም፣ ለመያዝም አይቀልም። ጫፉ ክብ የሆነውን ውሰዱ። ጫፉ እንደ ማዕዘን የሾለ አለ፣ ያምራል፣ ግን ጆሮ ስር ስትደርሱ ሳታስቡት ይወጋችኋል። ሌላው የጎኑ አቀራረፅ ነው፣ ከጀርባው ወደ ስለቱ ሲወርድ በሁለቱም በኩል ጎድጎድ ተደርጎ የተቀረፀ አለ፣ እንደ ሽብልቅ ደፍጠጥ ያለ ወፍራምም አለ። መካከለኛውን ምረጡ። በጣም የሳሳው ፂሙ ላይ ሲሄድ ይዘምራል፣ ድምፁ ደስ ይላል፣ ግን የእጅ ስህተትን አይምርም።

አዲስና ጥሩ የሚባለው እዚህ አሜሪካ ከ100 ዶላር በላይ ነው። አሮጌ መግዛት ይሻላል ባይ ነኝ፣ የኔ የመጀመሪያው የዞሊንገን አሮጌ ነበር፣ አሁንም እሱ ነው የምወደው። አሮጌ ስትገዙ ፎቶውን አስፍታችሁ እዩት፣ ስለቱ ላይ ስንጥቅ ካለ በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ፣ መሃል ላይ ወይ ጀርባው ላይ ዝገት ካለ ይወለወላል፣ ስለቱ ዳር ላይ ጉድጓድ የሰራ ዝገት ካለ ግን አይሆንም። እጀታው ሴሉሎይድ ከሚባለው የድሮ ፕላስቲክ ከሆነም ተጠንቀቁ፣ ሲያረጅ ይበሰብስና የሚያወጣው ጋዝ ራሱ ምላጩን ያዝገዋል። ኢንተርኔት ላይ በ10 በ15 ዶላር የሚሸጡትን ደግሞ እባካችሁ ተዉ፣ ምላጭ የመሰለ ብረት ናቸው እንጂ ምላጭ አይደሉም፣ ሰው በእነሱ ጀምሮ ፊቱን ቀዶ ይሄ ነገር ለኔ አይሆንም ብሎ የሚተወው ብዙ ነው።

እና አንድ ማንም ያልነገረኝ ነገር፣ አዲስ ምላጭ ከካርቶን ሲወጣ ስል ነው ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ለፂም የሚሆን ስለት የላቸውም። የመጀመሪያውን ግዜ ድንጋይ ላይ በሚገባ በሚያውቅ ሰው አስሉት፣ እዚህ በፖስታ ተቀብለው በ20 በ30 ዶላር የሚስሉ አሉ። ይሄን ካላደረጋችሁ ችግሩ የእጃችሁ ይሁን የስለቱ መለየት አትችሉም። በየሰፈሩ እየዞረ ቢላ ለሚስል ሰው ግን በፍፁም እንዳትሰጡ፣ የሚሽከረከረው ድንጋይ አፍታ ሳይቆይ ያቃጥለዋል፣ ስስ ብረት ከጋለ ጥንካሬው ይጠፋል፣ ከዛ በኋላ ቢሳልም ስለት አይይዝም።

ሌላው እቃ ቀላል ነው፣ ብሩሽ (ሲንተቲኩ ይበቃል፣ ቶሎም ይደርቃል)፣ የፂም ሳሙና፣ ኩባያ፣ እና ስትሮፕ የሚሉት ጠፍር፣ ስለቱ ከመላጨት በፊት የሚመላለስበት። በጣሳ የሚመጣው ፎም ለዚህ አይሆንም፣ አየር ነው፣ ስለቱን አያንሸራትትም።

አሁን ዋናው። እኔ አስተማሪ ቢኖረኝ ኖሮ በመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ምላጩን ወደ ፊቴ እንዳላስጠጋ ይከለክለኝ ነበር። ሰው የሚፈራው አንገቱን ነው፣ አንገቱን የሚያደማው ግን ብዙውን ግዜ ጠፍር ላይ የተበላሸ ስለት ነው። ያልተሳለ ምላጭ ፀጉሩን አይቆርጥም፣ ይነጫል፣ ሲነጭ ትጫናላችሁ፣ ስትጫኑ ቆዳ ይገባል። በደንብ የተሳለ ምላጭ ክብደቱ ብቻ ይበቃዋል።

ጠፍሩ ወርዱ 3 ኢንች ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው፣ የስለቱ ርዝመት በሙሉ አንዴ ያርፍበታል። ሁለት ፊት አለው፣ አንዱ ካንቫስ ነው፣ አንዱ ቆዳ። አንዱን ጫፍ በር እጀታ ላይ ወይ ግድግዳ ላይ በተመታ ማንጠልጠያ ታስሩታላችሁ፣ ሌላውን በግራ እጃችሁ ወጠር አድርጋችሁ ትይዛላችሁ። መወጠር አለበት፣ ከላላ መሃሉ ይረግብና የስለቱን አፍ ይጠቀልለዋል። ምላጩን አንገቱ ላይ (በስለቱና በመጋጠሚያው መሃል ያለው ቀጭን ቦታ) በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ያዙት፣ እንደ እርሳስ ልታንከባልሉት በምትችሉበት አኳኋን። ከዛ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ አስተኙት፣ ጀርባውም ስለቱም እኩል ቆዳውን ይንኩ፣ እና ጀርባው ይምራ ስለቱ ይከተል። ይሄን ከተሳሳታችሁ ጠፍሩን ትቆርጡታላችሁ፣ ስለቱም ይሄዳል። መጨረሻው ጋ ስትደርሱ መጀመሪያ ቁሙ፣ ከዛ ጀርባው ከቆዳው ሳይነሳ በጀርባው ላይ አገላብጡት፣ ከዛ መመለስ። ቁሙ ያልኩት አስቡበት፣ ጠፍር የሚቆረጠው ሰው ሳይቆም ሲያገላብጥ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ጠፍሬን በ5ኛው ቀን ነው ከዳሩ ሁለት ጣት ገደማ የቀደድኩት፣ ፊልም ላይ እንዳየሁት ላፋጥን ብዬ። ስለዚህ የመጀመሪያ ጠፍራችሁ ርካሽ ይሁን፣ መቀደዱ አይቀርም፣ ጥሩውን በኋላ ግዙ።

ለልምምድ ዳቦ ላይ ቅቤ የሚቀባበትን ጥርስ የሌለውን ቢላ ውሰዱና ማታ ማታ ሶፋ ላይ ቁጭ ብላችሁ አመላልሱ፣ ቡና እስኪፈላ 10 ደቂቃ ይበቃል። እጅ አንጓ ሳይሆን ክንድ ነው የሚሄደው፣ ማገላበጡ ደግሞ በጣቶቻችሁ ነው። ከሳምንት በኋላ እጃችሁ ራሱ ያውቀዋል። ከዛ ወደ እውነተኛው ምላጭ፣ ካንቫሱ ላይ 20 ቆዳው ላይ 50 ግዜ ሄዶ መመለስ፣ ሁልግዜ ከመላጨት በፊት። መጫን የለም። የጠፍሩን ድምፅ ስሙት፣ ከላይ እስከ ታች አንድ አይነት ሽሽታ ከሆነ ልክ ናችሁ፣ ከተቆራረጠ ወይ አንዱ ጋ ከጠፋ ምላጩ ተነስቷል ማለት ነው። ቆዳው ብረቱን አይበላም፣ የሚሰራው ሌላ ነው፣ በተላጫችሁ ቁጥር የስለቱ አፍ አይን በማያየው መጠን ወዲያና ወዲህ ይጎብጣል፣ ቆዳው መልሶ ያቀናዋል። ስለዚህ ነው በተላጫችሁ ቁጥር የሚያስፈልገው። ጠፍሩን ዘይት አትቀቡት፣ በየግዜው በንፁህ መዳፋችሁ ብታሹት ይበቃዋል፣ የእጅ ወዝ ነው የሚፈልገው።

የሚላጩበት ቀን ሲደርስ ግዜ ያላችሁን ቀን ምረጡ። ስራ ልትገቡ 15 ደቂቃ ሲቀራችሁ አትጀምሩት፣ ቅዳሜ ወይ እሁድ ይሁን። ሻወር ወስዳችሁ ውጡ፣ ወይ ሞቅ ያለ ውሃ የነከረ ፎጣ ፊታችሁ ላይ 2 ወይ 3 ደቂቃ አቆዩ። ፂም ውሃ ሲጠጣ በጣም ይለሰልሳል፣ ደረቅ ፂም ላይ የትኛውም ስለት ያምፃል። ብሩሹን እርጥብ አድርጋችሁ (የሚንጠባጠበውን አራግፉት) ሳሙናው ላይ ግማሽ ደቂቃ አሽከርክሩ፣ ከዛ ኩባያ ውስጥ ትንሽ ትንሽ ውሃ እየጨመራችሁ ምቱት። የሚፈለገው አረፋ እንደ እርጎ የሚያብረቀርቅ ነው። የእንቁላል ነጭ ተመትቶ እንደሚነሳው ደርቆ ከቆመ ውሃ አንሶታል፣ ፊት ላይ ከፈሰሰ በዝቶበታል። ፊታችሁ ላይ ስትቀቡ ብሩሹን አዙሩት፣ ፀጉሩ ከስሩ ይነሳል።

ከመቀባታችሁ በፊት ግን ፂማችሁ ወዴት እንደሚያድግ በጣታችሁ ፈልጉት። ጉንጭ ላይ ብዙውን ግዜ ወደ ታች ነው። አንገት ላይ ግን ሰው በሰው ይለያያል፣ የኔ ከግራ በኩል ወደ ጎን ነው የሚተኛው፣ ማንቁርቴ ስር ደግሞ ወደ ላይ። ይሄን ሳላውቅ ነው ለአመታት ሁሉንም ከታች ወደ ላይ እየላጨሁ አንገቴን የጎዳሁት። ጣታችሁን ስታስኬዱ ለስላሳ የሆነው አቅጣጫ የፀጉሩ መንገድ ነው፣ የሚቧጭረው ተቃራኒው ነው።

አያያዙ እንዲህ ነው። ምላጩን ከፍታችሁ እጀታውን ወደ ላይ ቀስሩት፣ ሶስት ጣቶች የምላጩ አንገት ጀርባ ላይ ይረፉ፣ ትንሿ ጣት ከመጋጠሚያው አልፎ በሚወጣው ጭራው ላይ፣ አውራ ጣት ከስር። መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል፣ በሁለተኛው ሳምንት ይለመዳል። ምላጩን ጉንጫችሁ ላይ ሙሉ በሙሉ አስተኙት፣ ከዛ ጀርባውን በራሱ ውፍረት ሁለት እጥፍ ያህል አንሱት፣ 30 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ከዛ በላይ ካነሳችሁት ይፍቃል ይቆርጣል፣ በጣም ካስተኛችሁት ፀጉሩን ይጎትታል። በግራ እጃችሁ ከጆሮ በላይ ያለውን ቆዳ ወደ ላይ ሳቡት፣ እንደ ከበሮ ይወጠር። ልጨምርላችሁ፣ መላጨት ማለት ግማሹ ቆዳ መወጠር ነው፣ የላላ ቆዳ ከስለቱ ፊት ይሸበሸባል፣ የሚቆረጠውም እሱ ነው። ከዛ ወደ ታች 2 ወይ 3 ሴንቲ ሂዱ፣ ቁሙ፣ አንሱት። ሳትጫኑ። በስለቱ ርዝመት አቅጣጫ ወደ ጎን መሳብ ግን በህልማችሁም አይሁን፣ ሽንኩርት የሚከተፈው እንደዛ ነው፣ ቆዳም እንደዛው።

የመጀመሪያ ቀን ጉንጭ ብቻ። ሁለቱ ጉንጮች፣ ከዛ ምላጩን አስቀምጡና ቀሪውን በለመዳችሁት መላጫ ጨርሱ፣ ምንም አያሳፍርም። ሁለተኛው ሳምንት መንጋጋ ስር እና የአንገት ጎን፣ ሶስተኛው አንገት፣ ከንፈር በላይ ያለው ከዛ፣ አገጭ መጨረሻ። አገጭ ላይ ፀጉሩም ጠንካራ ነው ቦታውም ክብ ነው፣ ስለቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ በትንንሽ እርምጃ ነው ማለፍ ያለባችሁ፣ የታችኛውን ከንፈር ወደ ጥርስ አስገብታችሁ አገጩን ጠፍጠፍ አድርጉት። ከአፍንጫ ስር ደግሞ የላይኛውን ከንፈር ጥርስ ላይ ወደ ታች ወጥሩ፣ በሌላው እጅ የአፍንጫችሁን ጫፍ ቀና አድርጉት። ማንቁርት ላይ በቀጥታ አትሂዱበት፣ ቆዳውን በጣት ወደ ጎን ስባችሁ ከማንቁርቱ ላይ አውርዱትና እዛ ላጩት። ጆሮ ስር ስትሰሩ የምላጩ ጫፍ የት እንዳለ ሳታዩ አታንቀሳቅሱ። እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ፣ ስልክ ከጠራ፣ ልጅ በር ካንኳኳ፣ ምላጩን ከፊታችሁ አርቁና ከዛ መልሱ። ከእጃችሁ ካመለጠ ደግሞ ልያዘው እንዳትሉ፣ ይውደቅ፣ እግራችሁን ብቻ አንሱ።

አሁን እንደኔ እብጠት ለሚያስቸግራችሁ። ፈረንጆቹ ሶስት ዙር ይላሉ፣ በፀጉሩ መንገድ፣ ከዛ አግድም፣ ከዛ በተቃራኒ። እኛ አንድ ዙር በፀጉሩ መንገድ ይበቃናል፣ ቢበዛ ጉንጭ ላይ አግድም። በተቃራኒ መላጨት ፊትን እንደ ህፃን ያደርገዋል እውነት ነው፣ ግን ፀጉሩ ከቆዳ በታች ተቆርጦ ይቀርና ያው የጀመርነው ችግር ይመለሳል። በእጅ ሲዳሰስ ትንሽ ሸካራ ቢሆን ምን ችግር አለው። አንገታችሁ አሁን በእብጠት ከተሞላ ደግሞ ምላጭ አትጀምሩ፣ አንድ ወር ያህል ሙሉ በሙሉ ተዉትና ፂሙ ይደግ፣ የገቡት ፀጉሮች ወጥተው ቆዳው ሲረጋ ትጀምራላችሁ። ቁስላቸው ሲድን እየወፈረ ኬሎይድ የሚያወጣባቸው ሰዎች መጀመሪያ የቆዳ ሀኪም ያናግሩ፣ ለእናንተ አጭር የሚያደርግ ማሽን ሊሻል ይችላል።

ስትጨርሱ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ። አላም የሚባለውን ጨው የመሰለ ድንጋይ (አረብ አገር የነበራችሁ ሻባ ብላችሁ ታውቁታላችሁ) እርጥብ አድርጋችሁ ፊታችሁ ላይ አስኪዱት፣ የተቆረጠች ትንሽ ነገር ካለች ደሙን ያቆመዋል። በተጨማሪ እውነቱን ይነግራችኋል፣ የት ጋ እንደተጫናችሁ እዛ ያቃጥላል፣ በሚቀጥለው ያንን ቦታ ቀለል ታደርጋላችሁ። ፀጉር ቤት እንደለመድነው አልኮል መርጨት ግን እኔ አልወደውም፣ ቆዳ ያደርቃል፣ የደረቀ ቆዳ ደግሞ ፀጉሩ እንዳይወጣ ይዘጋዋል። ሽታ የሌለው ሎሽን ትንሽ ይበቃል።

እና ምላጩ። ፊታችሁን ሳታደርቁ በፊት ምላጩን አድርቁ። እነዚህ ምላጮች አብዛኞቹ ካርቦን ስቲል ናቸው፣ እንደ ማንኪያ የማይዝግ ብረት አይደለም። አንዴ እንግዳ መጥቶብኝ እርጥብ አጥፌው ሄድኩ፣ በማግስቱ ጠዋት ስከፍተው መጋጠሚያው አጠገብ እንደ ጠቃጠቆ ቡናማ ነጥቦች ወጥተውበት ነበር፣ አንድ ሌሊት ብቻ ነው ያደረው። ስለዚህ ስታጥቡት ስለቱን ብቻ እንጂ መጋጠሚያውና እጀታው ውስጥ ውሃ አይግባ። በለስላሳ ጨርቅ ወይ በሶፍት ከጀርባው ወደ ስለቱ አቅጣጫ ጥረጉት፣ በስለቱ ላይ ርዝመቱን ተከትላችሁ አይደለም፣ ጣት ይሄዳል። ሶፍቱን አጠፍ አድርጋችሁ በእጀታው ሁለት ጎን መሃል አስገብታችሁ ሳቡት፣ እርጥበቱ እዛ ነው የሚደበቀው። ከዛ ጠፍሩ ላይ 10 ግዜ ማመላለስ የቀረውን ያደርቀዋል። ክፍቱን አንድ ሰዓት ልጅ በማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ለጥቂት ቀን የማትጠቀሙበት ከሆነ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ አብሱት። የምግብ ዘይት አይሆንም፣ ቆይቶ ይሙጫል።

ሻወር ቤት ውስጥ አታስቀምጡት፣ እንፋሎቱ ይበላዋል። የኔ መኝታ ቤት ቁልፍ ያለው መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን ትንሽ እርጥበት የምትመጥ ከረጢት አብሬ አደርጋለሁ። አገር ቤት ስትሄዱ በእጅ ሻንጣ ይዛችሁ እንዳትገቡ ይወስዱባችኋል፣ ጠቅልላችሁ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክተቱት።

ስለቱ ጠንካራ ነገር ከነካ አለቀለት። አንድ ቀን ሳጥበው የቧንቧውን አፍ ነካሁት፣ ቲክ አለ፣ ሌላ ምንም። ሳየው ደህና መሰለኝና ቀጠልኩ፣ ጉንጬ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር አወጣ። ከዛ መብራት ስር ስለቱን ወደ አይኔ ቀጥ አድርጌ ሳየው አንድ ቦታ ላይ እንደ አሸዋ ቅንጣት የምታበራ ነጥብ አገኘሁ። ደህና ስለት ከፊት ለፊት ሲታይ ምንም ብርሃን አይመልስም፣ የሚያበራ ነጥብ ካያችሁ እዛ ተሸርፏል ወይ ደንዟል። ከመላጨታችሁ በፊት በየግዜው እንዲህ እዩት፣ ሶስት ሰከንድ ነው የሚወስደው። በአውራ ጣት እየዳበሱ ስለት መሞከር ግን ተዉ፣ ለጣትም ለስለቱም ጥሩ አይደለም።

ጠፍር የማይመልሰው ድንዛዜ ሲመጣ ድንጋይ ነው። በሳምንት ሶስቴ ለሚላጭ ሰው ጠፍሩን በደንብ ከያዘ በ3 ወይ በ6 ወር አንዴ ይበቃዋል። ምልክቱ፣ በፊት በአንድ ጉዞ የሚያልፈው ቦታ ላይ ሁለቴ መሄድ ትጀምራላችሁ፣ አገጭ ላይ መንጨት ይጀምራል። ድንጋዮቹ በቁጥር ነው የሚለዩት፣ 1000 የተበላሸ ስለት ከመጀመሪያው የሚሰራበት ነው፣ 4000 እና 8000 ያጠሩታል፣ 12000 የመጨረሻው ነው። የቤልጅየሙ ኮቲኩል የሚባለው የተፈጥሮ ድንጋይም አለ። ለናንተ ለጊዜው አንድ 12000 ይበቃችኋል፣ የደከመ ስለት መመለሻ። ከባዱን ስራ ለሚያውቅ ሰው ተዉት። ድንጋይ ላይ አቅጣጫው የጠፍሩ ተቃራኒ ነው፣ ስለቱ ይመራል ጀርባው ይከተላል፣ ከድንጋዩ ስስ ንጣፍ የምትልጡ ይመስል። ጀርባውና ስለቱ ሁለቱም ሁልግዜ ድንጋዩን ይንኩ፣ የምላጭ ጀርባ የወፈረው ለዚህ ነው፣ አንግሉን ራሱ ይጠብቅላችኋል፣ ቢላ ላይ እንደምታደርጉት ቀና አድርጋችሁ ከሳላችሁት ያበላሻል። ድንጋዩ ዝርግ መሆን አለበት፣ መሃሉ ከጎደጎደ ስለቱም ይጎብጣል። ውሃ ረጨት አድርጉበት፣ የእጃችሁ ክብደት ብቻ፣ 15 ወይ 20 ግዜ ሄዶ መመለስ፣ ከዛ ቆዳ ሳይነካ ከፍ አድርጋችሁ የክንዳችሁ ፀጉር ላይ ሞክሩት፣ ፀጉሩ ሳይጎተት ጠብ ካለ ደርሷል። ካልሆነ 10 ጨምሩ። ከድንጋይ የወጣ ስለት ሻካራ ነው፣ አጥባችሁ አድርቃችሁ ካንቫሱና ቆዳው ላይ በደንብ ሳታመላልሱት ፊታችሁ ላይ አታሳርፉት።